«በሰው ወርቅ አይደምቁ» ብዬ ብጽፍ መምህሬ ለምን አልወደዱትም?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ «ሐብሉ» የተባለውን የፈረንሳዊው ደራሲ የጊ ደ ሞፓሳን አጭር ልቦለድ አነበብንና «ማኅበራዊ ደረጃና ባለው መርካት» በሚል ጭብጥ ሦስት ገጽ ትንታኔ እንድንጽፍ ታዘዝን። ድሃዋ ማቲልድ በስግብግብነቷ እንደተቀጣች፣ ባሏ ግን ባለው የረካ መልካም ሰው እንደሆነ፣ ውሸቷ 36,000 ፍራንክ ዕዳ ውስጥ እንደከተታቸው ጻፍኩና «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ብዬ ደመደምኩ። መምህሬ ዳር ላይ «ይህ ስብከት ነው፤ ትንታኔው የታለ?» ብለው መለሱልኝ። ሰኞ አርሜ ማስረከብ አለብኝ። የስብከትና የትንታኔ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ታሪኩ ስለ ስግብግብነት ካልሆነስ ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ መምህርሽ ብሂሉን ጠልተውት አይመስለንም። ለዚህ ታሪክ ከዚያ የሚቀርብ ብሂል ማግኘት ይከብዳል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ብሂሉ የተዋሱት ነገር ወርቅ መሆኑን አምኖ ይነሳል። ማቲልድ ከጓደኛዋ የተዋሰችው ሐብል ግን እውነተኛ አልማዝ አልነበረም። ስለዚህ ብሂሉን ከመደምደሚያሽ አንሺና መግቢያሽ ላይ በጥያቄ አስቀምጪው፦ በሰው ወርቅ መድመቅ ነውር ከሆነ፣ ወርቅ ባልሆነ ወርቅ የደመቀችውን ምን እንላታለን? በግብዣው ምሽት አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች ሁሉ ቆንጆዋ እሷ ነበረች፤ ሚኒስትሩም ሳይቀር ልብ ብሏታል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም «ይሄ ብርጭቆ ነው» ያለ የለም።

ታሪኩን ላላነበቡ ወይም ለረሱት አንባቢዎቻችን በአጭሩ እናስታውስ። ማቲልድ ሉዋዜል ፓሪስ ውስጥ የሚኖር አንድ ዝቅተኛ የመንግሥት ጸሐፊ ሚስት ናት። ባሏ ከትምህርት ሚኒስትሩ የግብዣ ወረቀት ያመጣላታል። ቀሚስ ታሰፋለች፣ ከባለጸጋዋ ጓደኛዋ ከማዳም ፎሬስትዬ ሐብል ትዋሳለች፣ ትደምቃለች፤ ቤት ስትደርስ ሐብሉ የለም። ባልና ሚስት ተመሳሳዩን በብድር ገዝተው ይመልሱና ዕዳውን ሲከፍሉ ዐሥር ዓመት ይማስናሉ። በመጨረሻ ጓደኛዋ የጠፋው አርቴፊሻል እንደነበርና ቢበዛ 500 ፍራንክ እንደሚያወጣ ትነግራታለች። ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል። የታተመው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1884 በፓሪሱ «ለ ጎሉዋ» ጋዜጣ ላይ ነው።

የስብከትና የትንታኔን ልዩነት የምትለዪበት ቀላል መንገድ አለ። ከጽሑፍሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጪና ታሪኩን ፈጽሞ ያላነበበ ሰው ሊጽፈው ይችል እንደሆነ ጠይቂ። «ባለን ነገር መርካት ይገባናል» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል፤ ሰርዢው። «ሉዋዜል ለጠመንጃ ያጠራቀመውን 400 ፍራንክ ለቀሚሷ ሰጣት» የሚለውን ግን ያላነበበ ሰው አይጽፈውም። ትንታኔ የሚጀምረው እንዲህ ካለው ዓረፍተ ነገር ነው።

አሁን እርሳስ ያዢና ታሪኩን እንደገና አንብቢ። በዚህኛው ንባብ የምትፈልጊው ገንዘብ ብቻ ነው። ታሪኩ ውስጥ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ሒሳብ በቅደም ተከተል ጻፊ፤ ጎኑ ላይ ገንዘቡ የማን እንደሆነና ምን ሊሠራበት ታስቦ እንደነበር አስፍሪ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ቀሚሱ 400 ፍራንክ ነው፤ ባልየው ያጠራቀመው ጠመንጃ ገዝቶ በበጋ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ናንቴር ሜዳ ላይ ወፍ ሊያድንበት ነበር። 10 ፍራንክ ደግሞ የአበባ ዋጋ ነው፦ ጌጥ የለኝም ብላ ስታዝን በ10 ፍራንክ ሁለት ሦስት የሚያማምሩ ጽጌረዳዎች ይገኛሉ ይላታል፤ እሷ ግን በሀብታም ሴቶች መካከል ድሃ መስሎ እንደመታየት ያለ ውርደት የለም ብላ እምቢ ትላለች። ፓሌ ሩዋያል አንድ ሱቅ ውስጥ ያገኙት ተመሳሳይ ሐብል 40,000 ተባለ፣ በ36,000 ሊለቅላቸው ሻጩ ተስማማ፤ የጠፋው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ከተገኘ በ34,000 መልሶ ሊወስደው ቃል ገባ። 18,000 ሉዋዜል ከአባቱ የወረሰው ነው። በመጨረሻም ባልየው ሌሊት ሌሊት ጽሑፍ እየገለበጠ ለአንድ ገጽ የሚያገኘው 5 ሱ አለ።

ይቺ 5 ሱ በቀላሉ ታመልጣለች። አንድ ፍራንክ 20 ሱ ነው፤ ስለዚህ አራት ገጽ ገልብጦ አንድ ፍራንክ ያገኛል። የተበደሩት 18,000 ፍራንክ በገጽ ሲሰላ 72,000 ገጽ ይሆናል። ለዐሥር ዓመት ሲካፈል፣ አንድም ሌሊት ሳያርፍ በየሌሊቱ ሃያ ገጽ ገደማ ነው፤ የአራጣው ወለድ ሳይቆጠር። በእርግጥ ዕዳውን የከፈሉት በዚህ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ የአንድ ነጋዴ ሒሳብ ይይዝ ነበር፤ ሠራተኛቸውን አሰናብተው ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ተከራዩ፤ ማቲልድም ውሃ ተሸክማ በየፎቁ እየቆመች እየተነፈሰች ትወጣለች፣ ከሥጋ ሻጩና ከአትክልት ሻጩ ጋር ለአንዲት ሱ ትከራከራለች። ስሌቱ ታሪኩ ውስጥ የለም፤ የራስሽ ሥራ ስለሆነ ግን አንድ ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል። «ብዙ ደከሙ» ብለሽ ከምትጽፊ ሃያ ገጽ በየሌሊቱ ማለት ይሻልሻል።

ዝርዝሩን ስትጨርሺ ሁለት ስህተትሽ ራሱ ይታይሻል። ማቲልድን «ድሃ» ብለሻታል፤ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ግን ቤት ውስጥ የምታገለግል ብሪታኒ ከተባለው የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ አለቻት። የራበው ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከታች ሳይቆጠር ከላይም ሳይደርስ መካከል ላይ የተሰቀለ ሰው ታሪክ ነው። ሁለተኛው የዕዳው መጠን ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቀጥለሽ የእራቱን ትዕይንት በደንብ እይው። ክብ ጠረጴዛ አለ፣ ሦስት ቀን ያልተቀየረ የጠረጴዛ ልብስ አለ። ባልየው የሾርባውን ክዳን አንሥቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ ከዚህ የሚጥም አላውቅም ይላል። በዚያው ቅጽበት እሷ ስለሚያብረቀርቅ የብር ዕቃ፣ ግድግዳ ስለሞላ ሥዕለ ምንጣፍ፣ ስለ ዓሣና ስለ አእዋፍ ሥጋ እያለመች ነው። በፈረንሳይኛው ይህ ሁሉ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከቆሸሸው ጨርቅ ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። የአንድ ድስት ሾርባ ነው፣ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። «ባለው መርካት» ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ በቅርብ የሚያሳይ ቦታ ታሪኩ ውስጥ የለም፤ ቢያንስ ግማሽ ገጽ ስጪው።

እዚህ ላይ ግን «ባልየው የረካ መልካም ሰው ነው» ብለሽ አትለፊው። ሉዋዜልም ይመኛል፤ ጠመንጃ አምሮታል። ልዩነቱ የእሱ ምኞት 400 ፍራንክ መሆኑ ነው፤ ተቆጥቦ ይደረስበታል። የእሷ ምኞት ደግሞ በሱቅ የሚሸጥ አይደለም፤ መፈለግ፣ መደነቅ፣ መቀናት ነው የምትሻው። ሌላም አለ። እሱ ሲረካ ሚስቱ አጠገቡ እንደምትሰቃይ አያይም። የግብዣ ወረቀቱን ይዞላት ሲገባ ደስ ይላታል ብሎ ነበር፤ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ስትወረውረው ግራ ገባው። በግብዣው ሌሊትም እሷ ስትጨፍር እሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጭር ያለች ክፍል ውስጥ፣ ሚስቶቻቸው ከሚዝናኑ ሌሎች ሦስት ወንዶች ጋር ተኝቷል። ደግ ሰው ነው፤ ማየት ግን አይችልም። ሁለቱንም ጻፊ።

ወደ ውሸቱ እንምጣ፤ መምህርሽን ይበልጥ ያስቆጣቸው ይህ ይመስለናል። «ውሸቷ» ብለሻል። መጽሐፉን ክፈቺና ደብዳቤውን ማን እንዳሰበው እይ። የሐብሉ ማያያዣ ተሰብሮ ለማሠራት ሰጥቼዋለሁ ብለሽ ጻፊላት፣ ይህ ጊዜ ይሰጠናል ያለው ባልየው ነው። እሱ እየነገራት ነው የጻፈችው። ባለው የረካው ሰው ውሸቱን አጻፈ፤ ይህን የሚያልፍ ትንታኔ አይኖርም። ለምን አጻፋት? ታሪኩ ሐብሉ ሲመለስ አንድ ፍንጭ ይሰጣል፦ ማቲልድ ጓደኛዋ ሳጥኑን ከፍታ መቀየሩን ካወቀች ሌባ ብላ እንዳታስባት ትፈራለች። በእኩዮች መካከል ዕቃ ቢጠፋ ጠፋ ነው የሚባለው፤ ከበታች ያለ ሰው እጅ ላይ ሲጠፋ ግን ተሰረቀ ይባላል። ማኅበራዊ ደረጃን የምትፈልጊው እዚህ ፍርሃት ውስጥ ነው፤ ከአልማዙ ይልቅ።

ይህን ስታነቢ ይሉኝታ የሚለው ቃል እጅሽ ላይ ይመጣል። ተጠቀሚበት፤ በአማርኛ በመጻፍሽ ያገኘሽው ዕድል ነው። ግን ልክ ባለበት ቦታ ብቻ። ይሉኝታ ደብዳቤውንና ዕዳውን ያስረዳል፤ ሾርባው ፊት ያለውን ሕልም አያስረዳም። እቤቷ ማንም ሳያያት ነው እያለቀሰች የምትውለው። ያ ሌላ ነገር ነው፤ ለራስዋ ዓይን እንኳ ያነሰች መሆን ነው።

አሁን በሦስተኛው ንባብ «ማየት»፣ «መታየት»፣ «መደበቅ» የሚሉትን ግሦች አስምሪባቸው። በተለይ ከግብዣው የሚወጡበትን ገጽ። ሌሊቱ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። ባልየው የዘወትር መደረቢያዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል፤ መደረቢያው ከቀሚሱ ጋር አይሄድም። ፀጉራም ካባ የደረቡት ሴቶች እንዳያዩዋት ትቻኮላለች። ቆዪ፣ ብርድ ይመታሻል፣ ጋሪ ልጥራ ይላታል፤ አልሰማችውም፣ ደረጃውን ሮጣ ወረደች። በሴን ወንዝ በኩል እየተንቀጠቀጡ ሄደው ሲያጡ ሲያጡ አንዲት አሮጌ የኪራይ ጋሪ አገኙ፤ ሞፓሳን እንደሚለው እንዲህ ያሉት ጋሪዎች ጎስቋላነታቸውን በቀን ማሳየት የሚያፍሩ ይመስል በጨለማ ብቻ ነው የሚወጡት። ጋሪው እንኳ ያፍራል! ሐብሉ በትክክል የት እንደወደቀ አልተጻፈም፤ ግን የሚኒስቴሩ መግቢያ ላይ በእጇ ዳስሳው እንደነበር ትናገራለች። እንግዲህ የጠፋው ስትደምቅ አይደለም፣ ስትሸሽ ነው። «ጉራዋ አጠፋት» ከሚለው «ሐፍረቷ አጠፋት» የሚለው ለጽሑፉ ይቀርባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የጽሑፍሽን ግማሽ ሊሸከም ይችላል።

ስለ ተራኪውም አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥሽ። ታሪኩ ሲጀምር ማቲልድ በዕጣ ፈንታ ስህተት ከጸሐፊዎች ቤተሰብ እንደተወለደች ይነገረናል። ብዙ ተማሪ ይህን «ደራሲው እንዲህ ይላል» ብሎ ይጠቅሳል። ሐሳቡ የማን ነው? የእሷ ነው። ተራኪው በእሷ አፍ ባያስነግረውም በእሷ ልብ ያስበዋል። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ስትጠቅሺ «በማቲልድ ዕይታ» የሚል ሐረግ ጨምሪበት። ከዚያው ገጽ ላይ ለጭብጥሽ ወሳኝ የሆነ ሌላ ሐሳብ አለ፦ ሴቶች የዘር ሐረግና ወገን የላቸውም፣ ውበታቸውና ሞገሳቸው ነው በትውልድ ምትክ የሚቆምላቸው ይላል። ማቲልድ ውበት አላት፣ ጥሎሽ ግን የላትም፤ በዚያ ዘመን በነበረው የፈረንሳይ መካከለኛ መደብ ልጃገረድ ይዛ የምትገባው ገንዘብ ከሌላት የጋብቻ በሯ ጠባብ ነበር። ያገባች ሴት ደግሞ ከ1804 ጀምሮ በነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መፈጸም አትችልም ነበር፤ በአራጣ አበዳሪዎቹ ወረቀት ላይ የፈረመው ሉዋዜል ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የታሪክ ዳራ ይህ ይበቃሻል። ከፈለግሽ ሞፓሳን ራሱ መጀመሪያ በባሕር ኃይል ሚኒስቴር፣ ኋላም ልክ እንደ ሉዋዜል በትምህርት ሚኒስቴር በጸሐፊነት መሥራቱን በአንድ መስመር ጥቀሺ። የሕይወት ታሪኩን ግን ገጽ እንዳትሰጪው።

ንግርት (የሚመጣውን አስቀድሞ በፍንጭ መጠቆም) ተብሎ ክፍል ውስጥ የተማርሽውን እዚህ ፈልጊ። ማዳም ፎሬስትዬ ያን የመሰለ ነገር ስትጠየቅ ሳታመነታ እሺ ትላለች። ሳጥኑ ላይ ስሙ የተጻፈው ጌጥ ሻጭ መዝገቡን አይቶ ሳጥኑን እንጂ ሐብሉን እኔ አልሸጥኩም ይላል። ሐብሉ ሲመለስላት ደግሞ ሳጥኑን አትከፍተውም። በመጀመሪያው ንባብ ሦስቱም ያልፉናል፣ ምክንያቱም እኛም እንደ ማቲልድ ጥቁሩን የሐር ሳጥን አይተን አምነናል። ጓደኛዋ አልማዝ ነው አላለችም፤ «አታለለቻት» ብለሽ ከጻፍሽ ሰርዢው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፦ ስለ ስግብግብነት ካልሆነ ስለ ምን? እኛ የምናነበው እንዲህ ነው። በታሪኩ ውስጥ ማቲልድ ይበልጥ የምትደሰተው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ግብዣው ላይ። ሁለተኛው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እሑድ ቀን ሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ፣ እጇ ሻክሮ ድምጿ ጎልቶ፣ አሁንም ወጣት መስላ ከምትታየው ጓደኛዋ ጋር ስትገናኝ ነው። ጓደኛዋ መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ይቺ ተራ ሴት እንዴት በስሜ ትጠራኛለች ብላ ነው የተገረመችው። ማቲልድ ሁሉን ነገረቻት፣ ሐብሉ መለወጡን አለማወቋን ስትሰማም የኩራትና የየዋህነት ፈገግታ ፈገግ አለች። ሁለቱን ደስታዎች ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። በመጀመሪያው የደስታዋ ምክንያት ሰው ሁሉ የውሸቱን ከእውነተኛው አለመለየቱ ነው። በሁለተኛው ጓደኛዋ እውነተኛውን ከውሸቱ አለመለየቷ ነው። ሁለቱም ጊዜ እርካታዋ የተንጠለጠለው ሌላ ሰው ባለማየቱ ላይ ነው። የክርክርሽን ዋና ዓረፍተ ነገር ከዚህ አውጪ፤ በእኛ ቃል ሳይሆን በራስሽ ቃል፣ ካልተስማማሽም ተከራክረሽ። ዐሥሩ ዓመት ሌላ ዓይነት ክብር ሰጥቷታል ብሎ የሚሞግት ጽሑፍም ያስኬዳል፤ ግን እንዲህ የሚሞግት ሰው ማቲልድ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ያን ምሽት ስታስታውስ የምትታይበትን ቦታ ማለፍ አይችልም።

ሦስቱን ገጽ እኩል አትከፋፍያቸው። መግቢያሽ ከስድስት መስመር አይብለጥ፦ ብሂሉ በጥያቄ፣ ከዚያ የክርክርሽ ዋና ዓረፍተ ነገር። ሾርባውና ጠመንጃው የመጀመሪያውን ገጽ ይሙሉት። ሽሽቱና ደብዳቤው አንድ ገጽ ከሩብ ቢወስዱ አይበዛባቸውም። የቀረው ለሁለቱ ደስታዎች ነው። ታሪኩን እንደገና አትተርኪ፤ መምህርሽ አንብበውታል። ጥቅስ ከአራት አይብለጥ፣ እያንዳንዱም ከአንድ መስመር፤ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ የራስሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይከተል። የምታነቢው ትርጉም ስለሆነ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ክርክር አትገንቢ። ርዕሱን ግን ልብ በይው፦ ፈረንሳይኛው «ላ ፓሩር» የሚለው ሐብል ብቻ ማለት አይደለም፣ ማጌጫ፣ ጌጥ ማለት ነው። የሚኖሩበት ጎዳና ስም ደግሞ «የሰማዕታት» ማለት ነው፤ ያጓጓል፣ ሆኖም ፓሪስ ውስጥ በእውን ያለ መንገድ ስለሆነ በቅንፍ አስገብተሽ እለፊው። ሞፓሳን በ1883 ያሳተመው «ጌጣ ጌጦቹ» የተባለ ሌላ አጭር ልቦለድ አለው፤ እዚያ የውሸት የተባለው ጌጥ እውነተኛ ሆኖ ይገኛል። ካስረከብሽ በኋላ አንብቢው፤ ከዚያ በፊት ካነበብሽው ሁለቱ ይደባለቁብሻል።

ማቲልድ እውነቱን ስትሰማ ምን አለች፣ ጓደኛዋ 36,000ውን መለሰችላት ወይ የሚለውን አትገምቺ። ሞፓሳን ያቆመው 500 የሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ አንቺም እዚያው አቁሚ። ደግሞ ሁለተኛው አንቀጽሽ ላይ ዕዳው 36,000 ነው ያልሽውን 18,000 አድርጊው፤ ግማሹን የከፈለው የባልየው አባት ውርስ ነው።